ብር ወንዝ ላይ የቀረ ሠርግ

የተዳርሁት ዳግማ ትንሣኤ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓመቱን በቁጥር አላውቀውም። ዘመኑ የጃንሆይ እንደነበረ፣ ፍኖተ ሰላምም ገና የቆርቆሮ ቤቷ በጣት የሚቆጠር ከተማ እንደነበረች ግን አስታውሳለሁ። የምነግራችሁ በዚያ ዕለትና በማግስቱ የሆነውን ነው። አስቀድሜ ግን ያን ጊዜ ማን እንደነበርሁ ትንሽ ልንገራችሁ።

አገራችን ከጂጋ ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው፤ ብር የሚባለው ወንዝ ዳር። እኛ በጂጋ በኩል ነን፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት በቡሬ በኩል። በበጋ ብር ከልጅ ጉልበት አያልፍም። ልብስ የምናጥበው፣ ከብት የምናጠጣው፣ ታቦት አውርደን ጥምቀትን የምናከብረው እዚያው ዳሩ ላይ ነው። ከማዶ ሰዎች ጋር እየተጣራን ወሬ እንለዋወጣለን፤ እንጋባለንም። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ አገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ማዶ ያለ ዘመድህ ቢሞት እንኳ እዚህ ዳር ቆመህ አልቅሰህ ትመለሳለህ እንጂ አትሻገርም። ድልድዩ ያለው ከላይ በአውራ ጎዳናው ላይ ነው። እስከዚያ ወጥቶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና በማዶ መውረድ ደኅና መንገደኛን እንኳ ያሳድራል።

እኔ የአቶ ጓንጉል የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ስሜ ይታይሽ ይባላል። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ዝምተኛ ነበርሁ፤ እንዲያው ዝም ብል ደስ የሚለኝ ልጅ። እናቴ «ይህች ልጅ አፏን የምትከፍተው ለእህል ብቻ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። በሠርግ ላይ እኩዮቼ ከበሮ ከብበው ግጥም ሲያወጡ እኔ ከኋላ ቆሜ አጨበጭባለሁ። «አንቺስ?» ሲሉኝ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ እሸሻለሁ።

ማዶ ለአንድ ልጅ ታጨሁ። ስሙ አለልኝ ነው። ይህን ስም ያወጣችለት እናቱ እሜቴ ውድነሽ ናት። ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ገና ሳይድሁ አልቀውባት፣ እሱ ሲተርፍላት «አለልኝ» አለችው። ከእሱም በኋላ አልወለደችም። እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ያየችው የአጎቴ ልጅ «ረጅም ነው፤ ሲስቅ ያምራል» አለችኝ። ሌላ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራው ከአባቱ ከአያ ካሴ፣ ከሚዜዎቹና ከአጃቢዎቹ ጋር ረፋዱ ላይ ብርን ተሻግሮ መጣ። ከፊታቸው ማሲንቆ መቺው አያ ደምለው ነበር። አያ ደምለው ትንሽዬ ሽማግሌ ነው። ከቡሬ ጀምሮ እስከ እኛ አገር ድረስ እሱ ያልዘፈነበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ዳሱ ውስጥ ገብቶ ደጋኑን ሲስበው የማይነሣ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ግጥም ያደርገዋል፤ የአንዱን ጢም፣ የሌላውን አበላል፣ የአባቴን ኩራት። አባቴ ስቆ ስቆ በመጨረሻ የተከናነበውን ኩታ አውልቆ አለበሰው።

እኔ ጓዳ ውስጥ ፊቴን ተሸፍኜ ሁሉንም በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ከምሳ በኋላ አባቴና እናቴ መረቁኝ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አማትሽ ፊት ቀና አትበይ። እስኪያናግሩሽ ዝም በይ፤ ካናገሩሽም በኋላ ቢሆን ቶሎ አትመልሺ። ሙሽራ አትናገርም» አለችኝ። ይህን ለእኔ መንገር እንኳ አያስፈልግም ነበር።

በበቅሎ አስቀመጡኝ። አንደኛ ሚዜው ስመኝ የሚባል ደልደል ያለ ሰው ነው፤ ከኋላዬ ተቀምጦ ያዘኝ። ከእኛ ቤት ማንም አልተከተለኝም፤ ወግ አይደለማ። አባቴ እስከ አጥሩ በር ሸኘን። ወደ ላይ ወደ ቋሪት ተራሮች አሻግሮ አይቶ ለአያ ካሴ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

«ላይ አገር ጠቁሯል። ባትዘገዩ ይሻላል።»

«ለሚያዝያ ዝናብ ነው አንቱ? ጠብ ብሎ ያቆማል» አለ አያ ካሴ።

እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ጠዋት ሲሻገሩ እንደነበረው አልነበረም። ደፍርሷል፣ ሰፍቷል፣ ገለባና ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ዘፈኑ ቆመ። አያ ካሴ ከበቅሎው ወርዶ ዳሩ ላይ ቆመ፤ ሰዎቹም ከበቡት።

«ብንመለስስ?» አለ አንዱ።

«ሙሽራ ይዤ? ከወጣችበት ቤት በዚያው ዕለት ሙሽራ ትመለሳለች?» አለ አያ ካሴ።

«በድልድዩ እንዙር እንዳንል ነገም አንደርስ።»

«አገር ሁሉ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል።»

ይህን ሲባባሉ አለልኝ ሱሪውን ጠቅልሎ በትር ይዞ ገባ። መሐል ድረስ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ዘወር ብሎ «እስከ ወገብ ነው! መሬቱ ጠጠር ነው፣ አያንሸራትትም!» ብሎ ተጣራ። ድምፁን ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ቀጭን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ወፍራም ነው።

ተመልሶ መጥቶ የእኔን በቅሎ ልጓም እሱ ያዘ። ስመኝ ከኋላ አጥብቆ አቀፈኝ። ውኃው የበቅሎዋን ሆድ ሲነካት ሸሸች፤ እኔም ወደ ጎን ዘመምሁ። ነፋሱ ይሁን መንቀጥቀጡ እንጃ፣ የተሸፈንሁበት ነጠላ ከፊቴ ተገለጠ። አለልኝ ዞር አለ፤ አየኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። ውኃውን ካየሽው ያዞርሻል» አለኝ።

አልጨፈንሁም። ውኃውን ትቼ እሱን አየሁት። ፈገግ አለ። የአጎቴ ልጅ አልዋሸችም።

ሁላችንም በደኅና ተሻገርን። ሰዉ ልብሱን እየጨመቀ ሳቅ ጀመረ። እኔን ከበቅሎ አውርደው ሰፊ ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ ሰው አያ ደምለው ማዶ መቅረቱን ያየው። ማሲንቆውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ከአባቴ የተሸለመውን ኩታ ተከናንቦ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«ምን ሆንህ? ና እንጂ!» ብለው ጮኹ።

«ተዉኝ! የማሲንቆዬ ቆዳ ከራሰ አበቃለት! እኔም ከራስሁ አበቃልኝ!» አለ። ሁሉም ሳቀ።

አያ ካሴ «ተዉት፤ ከአቶ ጓንጉል ቤት አድሮ ነገ ይመጣል» አለ።

አለልኝ ግን የአባቱን በቅሎ ልጓም ይዞ ቆሟል። «አባቴ፣ እናቴ ደጅ ቆማ እየጠበቀች ነው። ማሲንቆ የሌለው ሙሽራ ይዘንላት እንግባ? ይህን ቀን ስንት ዘመን እንደጠበቀችው አንተ ታውቃለህ።»

«ልጄ፣ ተው።»

«አሁን መጣሁ። አንዴ ነው።»

በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። ወደ ዳገቱ በእጁ አሳየኝና «ያ ዋርካ ይታይሻል? ከእሱ ሥር ያለው ቤታችን ነው። ደርሰናል እኮ» አለኝ። መልስ እንደማልሰጠው ያውቃል፤ ሳይጠብቅ ሄደ።

ተሻገረ። ማዶ ከሽማግሌው ጋር ሲከራከሩ አየናቸው፤ ምን እንደሚባባሉ ባንሰማም ሁለቱም ይስቃሉ። አንሥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠው። ማሲንቆውን በኩታው ጠቅልሎ ጀርባው ላይ አሰረለት። ልጓሙን ይዞ ወደ ውኃው ገባ። ትንሽ እንደመጡ አያ ደምለው፣ ከፍርሃቱ የተነሣ መሰለኝ፣ በዚያ የለመደ ድምፁ እየጮኸ መዝፈን ጀመረ፦

«አለልኝ ካለልኝ ወንዙን ምን ፈራሁት፣
እንደ ደረቅ መሬት ረግጬ አለፍሁት።»

ሚዜዎቹ ከዚህ ማዶ ተቀበሉት፤ አጨበጨቡለት። መሐል ደርሰዋል። ደግሞ ሁለተኛ ሊለው አፉን ሲከፍት ከላይ በኩል አንድ ነገር ጮኸ።

ብዙ መንጋ ደንብሮ ሲሮጥ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ብቻ ነበር። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ውኃው ቆሞ ሲመጣ አየነው፤ ግንድ ከነሥሩ፣ ቁጥቋጦ፣ የሞተ ጥጃ ተሸክሞ።

«ደራሽ! ደራሽ መጣ! አለልኝ፣ ውጣ!»

ያለውን ጊዜ ለራሱ ሊያደርገው ይችል ነበር። ልጓሙን ለቆ ቢሮጥ ይወጣ ነበር ብለው ብዙዎች ኋላ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እሱ ግን ወደ በቅሎዋ ኋላ ዞሮ ታፋዋን በበትሩ መታት፣ በትከሻውም ገፋት። በቅሎዋ ዘለለች። ሽማግሌው አንገቷ ላይ ተጣብቆ እየጮኸ ከእኛ በታች ዳር ላይ ወጣች። አለልኝ ጭራዋን ይዞ ነበር። እጁ ጭራውን ይዞ አየሁት፤ ከዚያ ጭራውን ብቻ አየሁት። የራሱ የአለልኝ ነጭ ኩታ ከግንዱ አጠገብ አንድ ጊዜ ብቅ አለ። ከዚያ ወንዙ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ።

አያ ካሴ ከነልብሱ ሊገባ ሲል ስመኝ ወገቡን ይዞ ጣለው። ወዲያው ሁለቱም ተነሥተው፣ ሌሎቹም ወንዶች ሁሉ ዳር ዳሩን ወደ ታች መሮጥ ጀመሩ። ጩኸታቸው እየራቀ ሄደ። ድንጋዩ ላይ እኔ ቀረሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ አያ ደምለው ጭቃ ላይ ተደፍቶ ያስመልሰዋል። ሁለቱ በቅሎዎች ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ሌላ ማንም የለም።

አላለቀስሁም። ምን እንደማደርግ አላወቅሁም፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ መልሼ ተቀመጥሁ።

እንደዚያ ተቀምጬ ሳለሁ ከበሮ ሰማሁ።

ከዳገቱ ነው። መጀመሪያ የወንዙ ድምፅ ይውጠው ነበር፤ ከዚያ እየቀረበ መጣ። እልልታ ተከተለው። ሙሽራ ተቀባዮቹ ሴቶች ናቸው። የወንዙ ጩኸት የወንዶቹን ጩኸት ሸፍኖባቸዋል፤ ምንም አልሰሙም። የዘገየን መስሏቸው ሊቀበሉን እስከ ወንዙ ወርደዋል። ከፊት ከፊት አዲስ ቀሚስ የለበሰች፣ ጠጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት እየዘለለች ትመጣለች። ማን መሆኗን የነገረኝ ባይኖርም አወቅኋት።

ከበቡኝ። ከበሮው ጆሮዬ ሥር ይመታል። እሜቴ ውድነሽ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመችው፣ እጆቼን ሳመቻቸው፣ በነጠላዬ ላይ ግንባሬን ሳመችው። ላቧና ቅቤዋ ሸተተኝ።

«እንኳን መጣሽልኝ! የልጄ ልጆች እናት፣ እንኳን መጣሽልኝ!»

ከዚያ ቀና ብላ ዙሪያውን አየች።

«ወንዶቹ የታሉ? ሙሽራ እንዲህ ጥለው ፈረስ ሊያስጋልቡ ሄዱ? ኧረ ነውር ነው! አለልኝስ?»

አያ ደምለው በእጁ ድኾ ተጠግቶ ነበር፤ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። እሷ የሰከረ መስሏት ሳቀች። «ደምለው ደግሞ ከወንዙ ዓሣ ሲያጠምድ ውሏል!» አለች። ሴቶቹም ሳቁ።

ሌላ የሚነግራት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ነጠላዬን ከፊቴ አነሣሁ። ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁት። ያ የእናቴ ምክር እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም።

«ውኃ ወሰደው» አልኋት።

«ማንን?»

«አለልኝን።»

ከፊት ያሉት ሴቶች ዝም አሉ። ከኋላ ያለችው ግን አልሰማችም፤ ከበሮዋን መምታቷን ቀጠለች። እሜቴ ውድነሽ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ወንዙን ታያለች። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር። በዚህ መሐል ከታች ከወንዙ መታጠፊያ በኩል የወንዶቹ ድምፅ ተሰማ። ነፋሱ ወደ እኛ ዞሮ ኖሯል። ስሙን ነው የሚጠሩት።

«አለልኝ! አለል—ኝ!»

እሜቴ ውድነሽ እጇን አነሣች። «ሰማችሁ? ዝም በሉ እስቲ! ሰማችሁ? አለልኝ እያሉ ነው! አለ! ልጄ አለ!» ብላ እልል አለች። ብቻዋን፣ ረጅም እልልታ። እየጠሩት እንጂ እያገኙት እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል። ልትነግራት የደፈረች ሴት አልነበረችም። ቀሚሷን ሰብስባ ድምፁን ተከትላ ወደ ታች ሮጠች፤ እየሮጠችም እልልታዋን አላቆመችም።

ያችን ሌሊት አልነግራችሁም። እኔ በማላውቀው ቤት፣ የሙሽራ ጫጉላ ተብሎ በተዘጋጀ ጎጆ ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሁለት ሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ነጋ።

ጎሕ ሲቀድ የሁለቱም ማዶ ሰው ወንዙን ተከትሎ መውረድ ጀመረ። ውኃው አልጎደለም። ወሬው ወደ እኛ ቤትም ደርሶ ኖሮ አባቴ ከማዶ ዳር ቆሞ አየሁት።

«ይታይሽ! ደኅና ነሽ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

«ደኅና ነኝ!» አልሁ።

ከዚያ በላይ የምንባባለው አልነበረም። እሱ በዚያ ማዶ፣ እኔ በዚህ ማዶ አብረን ወረድን። ሰዉ ሁሉ የትናንቱን የሠርግ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ቁጥቋጦውን ሁሉ በዱላ ይቆሰቁሳሉ። አንዲት ሴት ጫማ አግኝታ ጮኸች፤ የእሱ አልነበረም። ትንሽ ወርደን የአለልኝ ኩታ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። እሜቴ ውድነሽ አውርዳ ጨመቀችው፣ አጠፈችው፣ ክንዷ ላይ አደረገችው። «ሲወጣ ይበርደዋል» አለች።

እኔም ተስፋ አድርጌ ነበር። አንድ ቦታ ግንድ ይዞ፣ ወይም ከማዶ ዋሻ ሥር ተቀምጦ የምናገኘው ይመስለኝ ነበር። ቀትር አካባቢ ወንዙ ሰፍቶ አሸዋ በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ ሾላ ዛፍ ሥር ወንዶቹ ቆሙ። የሚጣራው ሁሉ መጣራቱን ተወ። ስመኝ ወደ ኋላ ዞሮ ሴቶቹ እንዳይቀርቡ እጁን ዘረጋ።

በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ለሠርጉ የተሠራው ዳስ ውስጥ አሳረፉት፤ ለሠርጉ የተጎዘጎዘው ቄጠማ ገና አልደረቀም። ሊመርቁን የተጠሩት ቄሶች ፍትሐት አደረሱለት። ለእኛ የተጠመቀውን ጠላ ቀባሪው ጠጣው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለቅሶው ዳሱ ደጃፍ ላይ ቆመ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን።

አንድ ሽማግሌ አያ ደምለውን «በል እንግዲህ፣ ለአንተ ብሎ ነው የሞተው፤ አልቅሰው» አለው። ክፉ ልቡ አልነበረም፤ ወጉ ስለሆነ ነው። አያ ደምለው ማሲንቆውን ከኩታው ፈታ። እንደፈራው ቆዳው ርሶ ላልቷል። ደጋኑን አንድ ጊዜ ሳበው፤ የታመመ ሰው ድምፅ ሰጠ። ሁለተኛ አልሳበውም። መሬት ላይ አስቀምጦት፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ጸጥታ ሆነ። ሙሾ የምታወርድ ሴት ከቡሬ ተልኮባት ገና አልደረሰችም። ያ ጸጥታ አሳፋሪ ነበር፤ ሰው ሞቶ የሚያለቅስለት የጠፋ ያህል።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። የሰማሁት ድምፄን ነው፦

«ብርማ ለሙሽራ ነው ድሮም የሚሰጠው፣
የእኔን ሙሽራ ግን ማን በብር ለወጠው?»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉኝ። ደግሞ ሌላ መጣልኝ፣ ደግሞ ሌላ። በሕይወቴ ግጥም አውጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ ከአፌ የሚወጣውን እኔው ራሴ ተገርሜ እሰማው ነበር። በወንዶቹ በኩል የቆመ አንድ መሪጌታ «ማን ናት ይህች?» ሲል ሰማሁ። «ሙሽራዋ ናት» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። እሜቴ ውድነሽም ቀና ብላ አየችኝ። ትወደኝ ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ሰልስቱ ወጣ። ውኃው ሲጎድል አባቴ ተሻግሮ መጣ። ከአያ ካሴ ጋር ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች መሐል ገቡ። እኔ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ አዳምጣለሁ።

«የመጣሁት ሐዘናችሁ ላይ ነገር ልጨምር አይደለም። ልጅቷ የእናንተ ናት ካላችሁ ትኑር፤ ትመለስ ካላችሁም ልውሰዳት። እርስዎ እንዳሉ ነው» አለ አባቴ።

አያ ካሴ መለሰ፦ «ይውሰዷት። ጥፋት የለባትም። ነገር ግን ባየኋት ቁጥር ያንን ወንዝ ነው የማየው። አልችልም።»

እሜቴ ውድነሽ እዚያው ቤት ውስጥ ምሰሶው ሥር ተቀምጣ ነበር፣ ኩታውን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሄጄ እግሯ ሥር ተደፋሁ። «እሜቴ፣ እኔ ልጅ ልሁንሽ። ውኃ እቀዳልሻለሁ፣ እፈጭልሻለሁ። አትመልሱኝ» አልኋት።

ራሴን በእጇ ዳበሰችው። ክፋት አልነበረባትም። «እኔ ልጅ ነበረኝ፣ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ እጇን አነሣች።

ስወጣ ደጅ ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ። «ገፊ ናት። ገና ደጁን ሳትረግጥ ገፋችው።» ያን ቃል ለእኔ ሲባል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አባቴም ሰምቷል፤ አንገቱን ደፍቶ እጄን ይዞ ፈጠን አለ። ብር ጋ ስንደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ተሻገርሁ።

እንግዲህ ሆነ የምለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ሽማግሌ ልከውብኝ ያውቃሉ። መንገድ ላይ ወሬዬን ይሰሙና ሳይደርሱ ይመለሳሉ። አባቴ ማንንም ረግሞ አያውቅም ነበር፤ በእኔ ምክንያት ጎረቤቱን ሁሉ ሲረግም ሞተ። አያ ደምለው ማሲንቆውን አልጠገነውም። በዱርቤቴ ገበያ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተቀምጦ አየነው ያሉ ነበሩ፤ እንደማይናገር፣ ቢያናግሩትም እንደማይመልስ ነገሩኝ። እሜቴ ውድነሽ ስትሞት ሙሾ እንዳወርድ ላኩብኝ። ሄጄ አለቀስሁላት። አልቅሼላት ስጨርስ የሸኘኝ የለም።

አዎ፤ እኔ ሙሾ አውራጅ ነኝ። ከጂጋ እስከ ቡሬ ሰው ሲሞት ይጠሩኛል። የሞተውን ሰው ስሙንና ሥራውን በአንድ ጆሮዬ ሹክ ይሉኛል፤ እኔ በግጥም እመልሰዋለሁ፤ አገር ያለቅሳል። አንዳንዱ «እግዜር አንዱን ሲነሳ አንዱን ይሰጣል፤ ያንን ቢወስድብሽ ይህን አንደበት ሰጠሽ» ይለኛል። እናንተ የምታነቡትም እንደዚያ ልታስቡ ትችላላችሁ። እባካችሁ አታስቡ። ያ ዝምተኛ አፌ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብዬ ልጆች አሳድግ ነበር። የተሰጠኝ ነገር የለም፤ የሰው ለቅሶ ነው የደረሰኝ። ብዙ ዓመት ይህ ነገር አንድ ቀን ይገባኛል፣ አንድ ቀን ይቀለኛል ብዬ ጠብቄአለሁ። አልገባኝም፤ አልቀለለኝም። ይቀላል የሚላችሁ ካለ እኔን አላየም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ወንድሜ ቤት ነው። እኔ መጻፍ ስለማልችል ይህን የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ አያልነሽ ናት። በሚመጣው ጥር ትዳራለች። «አክስቴ፣ ከእናቴ ጎን ነው የምትቀመጪው» ትለኛለች። እናቷ ግን ባለፈው እሑድ ብቻዬን ስታገኘኝ በነገር ዙሪያ ብዙ ስትዞር ቆይታ፣ «ይታይሽ፣ ያን ሰሞን ጂጋ ዘመዶቻችን ጋ ሄደሽ ትንሽ አየር ብትለውጪስ?» አለችኝ። አልተቀየምኋትም። ልጇ ናት፤ ትፈራላታለች። «እሄዳለሁ» አልኋት።

አያልነሽ ይህን አልሰማችም ነበር። አሁን ስነግራት ብዕሯን አቁማ ታየኛለች። «ይህን አልጽፍም» ትላለች።

ጻፊው አልኋት።